ሰን ፒክቸርስ እና የብሩም ሲኒማ ታሪክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱን ግን በእኛው ነው የጻፍነው። ስለዚህ ለምሳሌ «ምሽት 2 ሰዓት» ብንል ብሩም ባለ ሰው ሰዓት ላይ 8 ይላል።

ሰን ፒክቸርስ ምንድን ነው? የትስ ይገኛል?

በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ባለችው በብሩም ከተማ የሚገኝ፣ ፊልም ደጅ ተቀምጠው የሚያዩበት፣ «በዓለም አንጋፋው» ሲባል የሚሰማ ሲኒማ ነው። ከመንገድ ሲያዩት ሲኒማ አይመስልም። ካርናርቨን ጎዳና ላይ፣ ቻይናታውን በሚባለው አሮጌ የንግድ ሰፈር ውስጥ የቆመ የእንጨትና የቆርቆሮ ሱቅ ነው የሚመስለው። ትኬት ቆርጠው ሲገቡ መጀመሪያ ጣራ ያለው ክፍል ያገኛሉ። ከእሱ ወደፊት ሣር ነው፤ ከሣሩ ማዶ ነጩ ስክሪን ቆሟል፤ ከላይ ሰማይ ነው።

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ነዋሪዎቿ 15 ሺህ ገደማ ቢሆኑ ነው። ከምዕራብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ ከፐርዝ በመኪና 2,200 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ይፈጃል። ፐርዝ ያሉ አበሾች «ቅዳሜና እሁድ ደርሰን እንምጣ» ሲሉ ይሰማል፤ በመኪና ከሆነ አይሞከርም።

መቼ ተከፈተ? ሕንፃውን የሠራውስ ማን ነው?

ሲኒማው በሩን የከፈተው ዲሴምበር 9 ቀን 1916 ነው። ሕንፃው ግን ከዚያ ይቀድማል። ያማሳኪ የሚባል የጃፓን ቤተሰብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ለንግድ ያሠራው ሱቅ ነበር፤ ልብስም ምግብም ከውጭ የመጣ ዕቃም ይሸጥበት ነበር። ቤተሰቡ ቲያትር ወዳድ ስለነበረ ከቤቱ ከፊሉን ለጃፓን ባህላዊ ትርኢት መድረክ አድርጎት ነበር። ሕንፃው ሲኒማ ሳይሆን በፊትም ሰው ተሰብስቦ ጨዋታ ያየበት ነበር ማለት ነው።

በ1913 ቴድ ሃንተር የሚባል የከተማዋ የሉል ነጋዴ ገዛው። ክሎድ ሆውክስ የተባለ አርክቴክት ቀጥሮ ሱቁን ወደ ሲኒማ እንዲለውጠው አደረገ። በመክፈቻው ምሽት የታየው ስለ ፈረስ እሽቅድምድም የሚያወራ፣ ድምፅ የሌለው የእንግሊዝ ፊልም ነው።

ያን በሚያህል ሩቅ ቦታ ሲኒማ ማን ሊያይ ነው?

መልሱ ዛጎል ነው። በዚያ ዘመን የሸሚዝና የኮት ቁልፍ ይሠራ የነበረው ሉል ከሚያወጣው ትልቅ ዛጎል ቅርፊት ነው። ብሩም ደግሞ የዓለም ዋናዋ የዛጎል ወደብ ነበረች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት ከወደቧ የሚነሡት የዛጎል ጀልባዎች በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር። ጠላቂዎቹ ባብዛኛው ጃፓናውያን ነበሩ። ከእነሱ ጋር ማሌዎች፣ ቻይናውያን፣ ፊሊፒናውያንና ከቲሞር ደሴት ከኩፓንግ የመጡ መርከበኞች ይሠሩ ነበር። አውስትራሊያ በ1901 «የነጮች አውስትራሊያ» የተባለውን የስደተኞች ሕግ ስታወጣ እንኳ ለዛጎል ሥራ በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋችም፤ ያለ እስያውያኑ ሥራው እንደማይሄድ ያውቁ ነበርና።

እነዚህ ጀልባዎች ዓመቱን ሙሉ ባሕር ላይ አይቆዩም። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ሲገባ፣ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ፣ ወደብ ይገቡና ይታደሳሉ። ያኔ ከተማዋ ደመወዝ በያዘ፣ ሥራ በፈታ፣ አምስትና ስድስት ቋንቋ በሚናገር ሰው ትሞላለች። ድምፅ አልባ ፊልም ለእንዲህ ዓይነት ከተማ የተፈጠረ ይመስላል፤ ጽሑፉን ማንበብ ያልቻለ ሰው ከፊት ገጽታው ይረዳዋል። ሃንተር ነጋዴ ነበር፤ ሒሳቡን አስልቶ ነው የገባበት ቢባል አያሳስትም።

ጣራ ለምን አልተሠራለትም?

በሙቀቱ ምክንያት ነው። ብሩም ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ 18 ዲግሪ ግድም ላይ ናት። አየር ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን መቶዎችን በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዘግቶ ፊልም ማሳየት ሰውን መቀቀል ነው። በደቡብ ያሉት የአውስትራሊያ ከተሞች ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ ይይዙ ነበር፤ ለክረምት አዳራሽ፣ ለበጋ ደግሞ ጣራ የሌለው፣ «የአትክልት ሲኒማ» የሚባለው። ብሩም አዳራሽ የሚያስገባ ቅዝቃዜ ስለሌለ አንዱ ይበቃል።

ጣራ አልባ መሆኑ ዋጋም ያስከፍላል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳየት አይቻልም፤ ምስሉ ይጠፋል። በጁን ፀሐይ 11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ በጃንዋሪ ግን እስከ 12 ከ40 ትቆያለች፤ ከዚያ በኋላም ሰማዩ እስኪጨልም ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ያሻል። አዳራሽ ያለው ሲኒማ ከቀትር ጀምሮ በቀን አራት ጊዜ ሊያሳይ ይችላል፤ ሰን ፒክቸርስ ግን ሌሊቱ የሚሰጠውን ብቻ ነው የሚሠራው።

ድምፅ ያለው ፊልም መቼ ገባ? ከዚያ በፊትስ?

በ1933 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት 17 ዓመታት የፒያኖ ዘመን ናቸው፤ ፒያኒስቱ ስክሪኑን እያየ ይጫወት ነበር።

ለውጡ ድምፅ ማጉያ ከመግዛት በላይ ነበር። ድምፅ አልባ ፊልም በሴኮንድ ከ16 እስከ 20 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ እንደ ኦፕሬተሩ እጅ ይሄዳል፤ ትንሽ ቢፈጥን ቢዘገይ የሚያጉረመርም የለም። ድምፅ ሲመጣ ግን ፍጥነቱ በሴኮንድ 24 ፍሬም ላይ ተቆረጠ፤ ከዚያ ዝንፍ ካለ የተናጋሪው ድምፅ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ድምፁ በፊልሙ ጠርዝ በኩል በቀጭን መስመር ተቀርጾ ነው የሚመጣው። ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚረቀው፦ አንድ ምስል በመብራቱ ፊት ሲያልፍ የእሱ ድምፅ 20 ፍሬም ያህል ቀድሞ፣ ከታች ካለው የድምፅ ማንበቢያ ላይ መሆን አለበት። ኦፕሬተሩ ፊልሙን ሲያስገባ በመሃል የሚተወው ልቅ ቀለበት ከረዘመ ወይም ካጠረ አፍና ድምፅ ይለያያሉ። ሰው ሁሉ «ፊልሙ ተበላሽቷል» ይላል፤ ፊልሙ ደህና ነው፤ የተበላሸው አገባቡ ነው።

በድሮው ዘመን ሁለት ፕሮጀክተር ያስፈልግ የነበረው ለምንድን ነው?

አንድ ሙሉ ፊልም በአንድ ጥቅል አይመጣም ነበር። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በደቂቃ 90 ጫማ ይሄዳል። 1,000 ጫማ የሚይዝ ጥቅል 11 ደቂቃ፣ 2,000 ጫማው 22 ደቂቃ ግድም ይፈጃል። የአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፊልም ሲዘረጋ 2.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በትልቁ ጥቅል አምስት ነው። በአንድ ፕሮጀክተር ከሠሩ በየ22 ደቂቃው መብራት አብርተው መጠበቅ ሊኖር ነው።

በሁለት ሲሆን አሠራሩ እንዲህ ነው። አንደኛው እየሠራ ሳለ ሁለተኛው ላይ ቀጣዩ ጥቅል ይገባና መብራቱ ተለኩሶ ይጠብቃል። ጥቅሉ ሊያልቅ ስምንት ሴኮንድ ያህል ሲቀረው በምስሉ የቀኝ ላይኛ ጥግ ትንሽ ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ ያኔ የሁለተኛው ሞተር ይነሣል። አንድ ሴኮንድ ገደማ ሲቀር ሁለተኛዋ ነጥብ ትመጣለች፤ ያኔ የአንዱ መጋረጃ ተዘግቶ የሌላው ይከፈታል። በደንብ ከተሠራ ተመልካቹ ምንም አያውቅም። ኦፕሬተሩ ሁለተኛዋን ነጥብ ካሳለፋት ግን ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ፉጨቱም ይጀመራል።

መብራቱም ጠባቂ ይፈልግ ነበር። ብርሃኑ የሚመጣው ጫፍ ለጫፍ ከተቀራረቡ ሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል በሚዘል የኤሌክትሪክ ቅስት ነው። ዘንጎቹ እየነደዱ ያልቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሲሰፋ ምስሉ ይደበዝዝና ይንቀጠቀጣል፤ ካልተስተካከለም ይጠፋል። ከዚህ ሁሉ በላይ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ብዙው ፊልም ናይትሬት ነበር። ናይትሬት አንዴ ከተቀጣጠለ ኦክስጅን ከራሱ ስለሚያወጣ ውሃ ቢደፋበትም አይጠፋም። በእንጨት ሕንፃ ውስጥ ይህን ይዞ መሥራት ቀልድ አልነበረም፤ አንድ ጥቅል መብራቱ ፊት ተጣብቆ ከቆመ ጥቂት ሴኮንድ ይበቃዋል። የብሩም ወበቅ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የፊልሙ ገጽ ጄላቲን ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ ይሻግታል።

ባሕሩ ሲኒማ ውስጥ ይገባ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እስከ 1974። በዚያ ዓመት ክትር ተሠራና ቆመ።

ምክንያቱን ለመረዳት የብሩምን ባሕር ማወቅ ይጠቅማል። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት በታላላቅ ቀናት ወደ 10 ሜትር ይጠጋል፤ የሦስት ፎቅ ቁመት ነው። ታላላቆቹ ቀናት ደግሞ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ የሚመጡት ናቸው። ሲኒማው ያለበት ሰፈር ዝቅ ያለ ነው፤ ከጀርባው ዳምፒየር ክሪክ የሚባለው የባሕር ገባር አለ። ሙላቱ ሲበረታ ውሃው በገባሩ በኩል ሽቅብ ወጥቶ ቻይናታውንን ያለብሳል፤ ከዚያም በሲኒማው ወለል ላይ ይዘረጋል።

የሰዓቱ አጋጣሚ ነው ነገሩን የሚያስቀው። በብሩም ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ምሽት፣ 12 ሰዓት ግድም፣ ባሕሩ በጣም ጎድሎ ጭቃው ተሰጥቶ ይታያል። ቱሪስቶች «ወደ ጨረቃ የሚያወጣ ደረጃ» የሚሉት ትርኢት ይኸው ነው፤ የጨረቃ ብርሃን እርጥብ ጭቃው ላይ ደረጃ ደረጃ ሠርቶ ይተኛል። ከዚያ ስድስት ሰዓት ያህል ሲቆጠር ሙላቱ ጫፍ ይደርሳል፤ ወደ እኩለ ሌሊት መሆኑ ነው። ስለዚህ ሰው በደረቅ መሬት ላይ ገብቶ ይቀመጥና ፊልሙ ሲጋጋል ውሃው ከጫማው ሥር ይመጣል። ዝም ብሎ እግሩን ሰብስቦ ወንበሩ ላይ ያደርጋል፤ ማየቱን ይቀጥላል። ዓሣ የያዙም ነበሩ ይባላል። ሲያልቅ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ይወጣል። እንዲህ ያለ ቀን ቀድሞ ይታወቃል፤ የጨረቃን አቆጣጠር ያየ ሰው የትኛው ምሽት ውሃ እንደሚመጣ ያውቅ ነበርና ማንም ተደናግጦ አይሮጥም።

በፊልሙ መሃል አውሮፕላን በላይ የሚያልፈው ለምንድን ነው?

የአውሮፕላን ማረፊያው ከከተማዋ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ነው። ወደ ማኮብኮቢያው የሚወርደው አውሮፕላን ከስክሪኑ በላይ ዝቅ ብሎ፣ መብራቱን አብርቶ ያልፋል፤ ለጥቂት ሴኮንድ ንግግሩ አይሰማም። ብዙ እንግዳ ይህንን ቪዲዮ ለመቅረጽ ነው የሚመጣው፤ ፊልሙን ማቆም ግን የለም።

ዝናብ ቢዘንብስ? ምን ይዞ መሄድ ይሻላል?

ከሜይ እስከ ኦክቶበር ባለው ደረቅ ወቅት የሚሄድ ሰው ስለ ዝናብ ባያስብም ይሆናል። በጁንና በጁላይ ግን ማታ ማታ ይበርዳል፤ ሹራብ ወይም ጋቢ ይያዙ። ዝናም በሚበዛበት ወቅት ከሄዱ ከኋላ፣ ጣራው ሥር ይቀመጡ፤ ከፊት ያለው ሣር ላይ ያለ ሰው መበስበሱ አይቀርም። ትንኙ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ የትንኝ መከላከያ ቅባት ሳይቀቡ አይግቡ፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ደግመው ይቀቡ፤ መጀመሪያ የሚነክሰው እዚያ ነው። የሸራ ወንበሮቹ ዝቅ ያሉና ወደኋላ የተንጋለሉ ስለሆኑ ወገብ የሚያማቸው ሰዎች ትራስ ቢይዙ ይሻላቸዋል። አንዳንዴ ስክሪኑ ላይ እንሽላሊት ትሄዳለች። የመጣችው ብርሃኑ የሰበሰበውን ነፍሳት ለመብላት ነው፤ የተዋናዩ አፍንጫ ላይ መቆሟን አታውቅም።

ተመልካቹ በዘር ተለይቶ ይቀመጥ ነበር?

አዎ። መሃል ላይ ያሉት የተመቹ የሸምበቆ ወንበሮች የነጮች ነበሩ። እስያውያን የራሳቸው ቦታ ነበራቸው፤ በእነሱም መካከል ደረጃ ነበር፤ ቻይናውያንና ጃፓናውያን ከማሌዎችና ከኩፓንጎች ይሻላሉ ተብሎ ይታሰብ ነበር። አቦርጂኖች (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች)፣ ማሌዎችና ኩፓንጎች የሚገቡት በሌላ በር ነው፤ የሚቀመጡትም ደረቅ የእንጨት አግዳሚ ላይ ነበር።

ይህን «የወንበር ጉዳይ» ብሎ የሚያቃልል አለ፤ ሲኒማ የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ምስሉ ቀጥ ብሎ የሚታየው ከስክሪኑ ትይዩ መሃል ላይ ለተቀመጠ ነው። ወደ ጎን በሄዱ ቁጥር ፊቱ ይጠብባል፣ ክቡ ይሞላለላል፤ በጣም ቀርበው ሲያዩ ደግሞ አንገት ያማል። እኩል ፊልም ነው ያዩት ማለት አይቻልም።

ይህ የወንበር ሥርዓት የከተማዋ ሥርዓት ቅጂ ነው። በዲሴምበር 1920 በጃፓናውያንና በኩፓንጎች መካከል በብሩም ጎዳናዎች ላይ ሰው የሞተበት ረብሻ ተነሥቶ ነበር፤ እነዚያው ሰዎች ናቸው ማታ አንድ ግቢ ገብተው አንድ ስክሪን የሚያዩት። ልማዱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ለብዙ ጊዜ ቀጥሏል።

መለያየቱ የቆመው በ1967ቱ ሕዝበ ውሳኔ ነው?

ብዙ ጊዜ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፤ ልክ አይደለም። በሜይ 27 ቀን 1967 አውስትራሊያውያን ድምፅ የሰጡት ሁለት ነገር ለመለወጥ ነው፦ ማዕከላዊው መንግሥት ስለ አቦርጂኖች ሕግ ማውጣት እንዲችልና በሕዝብ ቆጠራ እንዲቆጠሩ። በሲኒማ ማን የት ይቀመጥ የሚለውን ሕዝበ ውሳኔው አልነካም። ሰውን በዘሩ ምክንያት ከሕዝብ መገልገያ ቦታ መከልከል በአገር አቀፍ ሕግ የተከለከለው በ1975 በወጣው የዘር መድልዎ ሕግ ነው።

በመካከሉ ነገሩን ያነቃነቁ ሰዎች ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1965 ቻርልስ ፐርኪንስ የመራቸው የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአውቶቡስ የኒው ሳውዝ ዌልስን የገጠር ከተሞች ሲዞሩ ባውራቪል ደርሰው ነበር። እዚያም ያለው ሲኒማ አቦርጂኖችን በሌላ በር ያስገባና ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። ይህ የሆነው ከብሩም በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በአህጉሩ ሌላ ጫፍ ነው። የብሩምን ታሪክ የአንድ ሩቅ ወደብ ልዩ ጠባይ አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ ባውራቪልን ያስብ።

ጃፓን ብሩምን ስትደበድብ ሲኒማው ተመትቷል?

ማርች 3 ቀን 1942 የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላኖች ብሩም ላይ ጥቃት አድርሰዋል። ያነጣጠሩት ግን ሮባክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የቆሙት፣ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችና አየር ማረፊያው ላይ እንጂ ከተማው ላይ አልነበረም። ከሞቱት ብዙዎቹ ከጃቫ ሸሽተው የመጡ፣ ገና ከአውሮፕላኖቹ ያልወረዱ የደች ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ሲኒማው ከዚህ ተርፏል።

የከተማዋ ጃፓናውያን ግን ከጥቃቱ በፊት፣ ጃፓን ወደ ጦርነቱ እንደገባች፣ ታስረው ወደ ማጎሪያ ተወስደው ነበር። ቀሪው ሲቪልም አብዛኛው ከተማውን ለቅቆ ወጣ። ጃፓናዊ ያሠራው ሕንፃ ቆሞ ጃፓናውያኑ የተወሰዱባት ከተማ ሆነች። ዛሬ በጃፓናውያን መቃብር ከ900 በላይ ሰዎች ያረፉበት ምልክት አለ፤ ብዙዎቹ ጠላቂዎች ነበሩ፤ ከጥልቅ ውሃ ፈጥኖ በመውጣት የሚመጣው ሕመምና አውሎ ነፋስ የጨረሷቸው ናቸው።

ሌሎቹ የገጠር ሲኒማዎች ሲዘጉ ይህ እንዴት ቆየ?

በአውስትራሊያ የገጠር ሲኒማዎችን የገደላቸው ቴሌቪዥን ነው። ሲድኒ በ1956፣ ፐርዝ በ1959 ስርጭት ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት ብዙው ሲኒማ መጋዘን፣ የቤት ዕቃ መሸጫ ወይም ባዶ ቦታ ሆነ። ወደ ብሩም ግን ቴሌቪዥን ዘግይቶ ነው የደረሰው፤ ርቀቷ ጠቀማት።

ሁለተኛውን ምክንያት ብዙ ሰው አይወደውም፦ ድህነት ነው። በ1950ዎቹ የፕላስቲክ ቁልፍ መጥቶ የዛጎሉን ገበያ ሲገድለው ከተማዋ ደኸየች። ገንዘብ ያለበት ቦታ አሮጌ ቆርቆሮ ቤት ፈርሶ ሲሚንቶ ይቆማል፤ ብሩም ያን ጊዜ የሚያፈርስ ባለሀብት አልነበራትም። ቱሪስት በብዛት መምጣት ሲጀምር ሕንፃው አሮጌነቱ ራሱ የሚሸጥ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ በምዕራብ አውስትራሊያ የቅርስ መዝገብም ገብቷል። አሁን የሚያሳየው በዲጂታል ነው።

«በዓለም አንጋፋው» የሚለው በትክክል ምን ማለት ነው?

የዓለም አንጋፋው ሲኒማ ማለት አይደለም፤ ከ1916 በፊት የተከፈቱ፣ እስካሁን የሚሠሩ ባለ ጣራ ሲኒማዎች በአውሮፓም በሌላም አህጉር አሉ። ጊነስ በ2004 ያጸደቀው ማዕረግ እስካሁን የሚሠራ አንጋፋ የአትክልት ሲኒማ የሚለውን ነው። መኪና ውስጥ ተቀምጠው የሚያዩበት ዓይነትም ከዚህ ውጭ ነው።

ተፎካካሪ የሚባል ካለ በአገሩ ውስጥ ያለው በኩዊንስላንድ የዊንተን ከተማ ሮያል ቲያትር ነው፤ እሱም ሰማይ ሥር የሚያሳይ የቆርቆሮ ሲኒማ ነው፤ ግን በ1918 ነው የተከፈተው። የሚጽፉ ሰዎች «ያለማቋረጥ» የምትለዋን ቃል ሲጨምሩ ቢጠነቀቁ ጥሩ ነው፤ ሕዝቧ በጦርነት የወጣባት ከተማ ናትና።

ስለ ሌላ የአውስትራሊያ ገጠር ከተማ ሲኒማ ማጣራት ብፈልግ ከየት ልጀምር?

ከትሮቭ ይጀምሩ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦችን ስካን አድርጎ በነፃ ያስቀመጠበት ድረ ገጽ ነው። መጀመሪያ የከተማውን ጋዜጣ ስም ይለዩ፤ ለብሩም «ኖር ዌስት ኤኮ» ነው። ከዚያ ዓመቱን ይገድቡ፤ ሙሉውን ዘመን ከፈለጉ በውጤት ብዛት ይሰጥማሉ። «ሲኒማ» ብለው ከፈለጉ ጥቂት ነው የሚያገኙት፤ በዚያ ዘመን አገሬው የሚለው «ፒክቸርስ» ነበር። ዜናውን ትተው ማስታወቂያውን ያንብቡ፤ የፊልሙ ርዕስ፣ የመቀመጫ ዋጋ፣ የሚታይበት ቀን ያለው እዚያ ነው። የመቀመጫው ዋጋ በየረድፉ ከተለያየ ማን የት ይቀመጥ እንደነበር ፍንጭ ይሰጣል።

የሚያሳስት ነገርም አለ። ጽሑፉን ያነበበው ኮምፒውተር ስለሆነ የደበዘዘ ፊደል ይስታል፤ ስሙ ካልተገኘ አንድ ሁለት ፊደል ለውጠው ይሞክሩ፤ ሁልጊዜም የገጹን ፎቶ ይዩ። «በቅርቡ ይከፈታል» የሚል ዜና ተከፈተ ማለት አይደለም፤ የመክፈቻ ቀን የሚባለው ማግስቱን የወጣ ዘገባ ሲያረጋግጠው ነው። ለምዕራብ አውስትራሊያ ሕንፃዎች ደግሞ የክልሉ የቅርስ መዝገብ «ኢንሄሪት» አለ፤ የእያንዳንዱን ቅርስ ታሪክና ቅርሱ ለምን እንደተመዘገበ ይነግራል። ትሮቭና ኢንሄሪት ሲጋጩ በዚያው ሳምንት የታተመውን ጋዜጣ ይመኑ።